በጨረቃ የሚለካ ጉዞ፤ ከፍኖተ ሰላም ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ

ይህ ምልልስ የሚካሄደው በሁለት ሰዎች መካከል ነው። አንደኛዋ በቡሬ ከተማ በርበሬና እህል የሚነግዱ፣ ከገበሬው ማሳ እስከ አዲስ አበባ የጅምላ ገበያ ያለውን የዋጋ መንገድ ጠንቅቀው የሚያውቁ ወይዘሮ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው በፍኖተ ሰላም ጂኦግራፊ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። የንግግራቸው ጉዳይ ሁለቱ ቤተሰቦች በ2019 ዓ.ም. በጋ በአንድነት ሊያደርጉት ያሰቡት፣ ባሕርንም ደንንም አራዊትንም ለማየት የታለመ የዕረፍት ጉዞ ነው። ጉዞን ማቀድ ብዙውን ጊዜ ትኬትና ማደሪያ እንደ መግዛት ብቻ ይቆጠራል፤ በዚህ ምልልስ ግን ጥያቄው ከዚያ ቀደም ብሎ ይነሣል፤ ይኸውም ባሕር ከሌለው ደጋማ አገር የሚነሣ መንገደኛ ስለ ባሕር አስቀድሞ ምን ያውቃል፣ የሚያውቀውስ በምን ይጠቅመዋል የሚለው ነው።

ነጋዴዋ፦ መምህር፣ ነገሩ ከሥሩ ቢጀመር ይሻላል። ከቡሬ ሳይርቅ የፈጣም ፏፏቴ አለ፤ ወደ እንጅባራ የሚወስደውን መንገድ ለያዘ ሰው የዘንገና ሐይቅ መንገድ ዳር ነው፤ ሰከላ ላይ የዓባይ ምንጭ ግሽ ዓባይ አለ፤ ሰፊ ውኃ ላማረውም ጣና ከባሕር ዳር ከተማ ግርጌ ተንጣሎ ይታያል። ይህ ሁሉ በብር የሚታይ ሆኖ ሳለ በውጭ ምንዛሪ የሚታይ ውኃ ፍለጋ ድንበር መሻገር ለነጋዴ ሰው የሚዋጥ አይደለም።

መምህሩ፦ እትዬ፣ የተጠሩት ቦታዎች ሁሉ አስቀድመው ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው፤ ዘንገናን ሳያይ በኬንያ ዳርቻ ያለችው ሞምባሳ የደረሰ የጎጃም ሰው የሚያነጻጽርበት መለኪያ ሳይዝ ሄዷል ማለት ይቻላል። ዘንገና እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ጎድጓዳ ውስጥ ውኃ ተጠራቅሞ የተፈጠረ ሐይቅ ነው፤ ጣና ደግሞ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ የተመዘገበ፣ ይኸውም ሰውና ተፈጥሮ ተጠባብቀው እንዲኖሩበት ልዩ እውቅና የተሰጠው ስፍራ ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ ጨው የሌለባቸው፣ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጡ፣ ሙላታቸውም ጉድለታቸውም ከዝናብና ከወንዝ የሚመጣ ውኃዎች ናቸው። የውቅያኖስ ውኃ ግን በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው የሚይዝ፣ በየቀኑ ሁለት ሁለት ጊዜ ወደ ምድር የሚመጣና የሚሸሽ፣ ከዝናብ ይልቅ ለጨረቃ የሚታዘዝ ሌላ ዓይነት ውኃ ነው። የጎጃም ሰው ጣናን «ባሕር» ብሎ ስለሚጠራ የከተማውም ስም ባሕር ዳር ሆኗል፤ በኬንያ ዳርቻ የሚነገረው ስዋሂሊም ከዐረብኛ በወሰደው ቃል ባሕርን «ባሃሪ» ይለዋል። ቃሉ ዘመድ ነው፤ ውኃው ግን አይዛመድም፤ ለጉዞው ምክንያት የሚሆነውም ይኸው ልዩነት ነው።

ነጋዴዋ፦ የጎጃም ነጋዴ ባሕርን በዓይኑ ባያይም በዕቃው ያውቀው እንደ ነበር ግን መታወስ አለበት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የሚመጣውን ቡና፣ ወርቅና ዝባድ ተቀብሎ በጎንደር በኩል እስከ ምጽዋ ወደብ ያደርስ ነበር፤ በዚያው መንገድ የባሕር ማዶ ጨርቅ ይመለስ ነበር፤ መገበያያ ሆኖ በየገበያው የሚዞረው አሞሌም የጨው ጡብ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ወደ ባሕር መሄድ አዲስ ነገር መጀመር ሳይሆን ዕቃ ብቻውን ይሄድበት በነበረው መንገድ ሰውም ተከትሎ መሄድ ነው ከተባለ ይገባል። ነገር ግን ባሕር ዳርቻ እጅግ ቆላ ነው ይባላል፤ ዕረፍት ፍለጋ ወደ ሙቀት መውረድ እንዴት ነው?

መምህሩ፦ ይህ ጥያቄ የጉዞው ሁሉ መሠረት ስለሆነ ሰፋ ተደርጎ ሊመለስ ይገባዋል። የሐሩር ክልል የሚባለው ከምድር ወገብ በስተሰሜንና በስተደቡብ እስከ 23.5 ዲግሪ ድረስ ያለው፣ ፀሐይ በዓመት ውስጥ አናት ለአናት የምትቆምበት የምድር ቀበቶ ነው። ኢትዮጵያ ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን ባለው ውስጥ ስለምትገኝ ጠቅላላዋ በሐሩር ክልል ውስጥ ነች፤ ፍኖተ ሰላምም ከሞምባሳ ባልተናነሰ የሐሩር ከተማ ነች። ሁለቱን የሚለያቸው ከፍታ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለ ተቀመጠች፣ አየርም በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በሁለቱ መካከል የ12 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይፈጠራል። የአገራችን ገበሬ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እያለ የሚከፍለው ምድር በዚሁ የከፍታ ሕግ ላይ የቆመ ነው፤ ባሕር ዳርቻ የዚህ መሰላል የመጨረሻው እግር ሲሆን፣ «የባሕር ጠለል» ማለትም ከፍታ ሁሉ የሚቆጠርበት ዜሮ ነው። ይሁንና የዳርቻው ሙቀት እንደ ዓባይ በረሃ ደረቅ ሐሩር አይደለም፤ እርጥበት ያዘለ ወበቅ ነው። በወበቅ ላብ ቶሎ ስለማይደርቅ ሰውነት በላብ እንደ ልብ ሊቀዘቅዝ አይችልም፤ ስለዚህ የደጋ ሰው ቀትርን በጥላ አሳልፎ ማለዳንና ማምሻን ለእንቅስቃሴ ቢመድብ፣ ሳሳ ያለ የጥጥ ልብስ ቢለብስና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ለመላመጃ ቢተው ይበጀዋል።

ነጋዴዋ፦ ታዲያ መሰላሉን የምንወርደው በየት በኩል ነው? ጅቡቲ ቅርብ ነች፤ ዛንዚባር ስሟ የገነነ ነው፤ የኬንያ ምርጫ ከወዴት መጣ?

መምህሩ፦ ቀድሞ የኢትዮጵያ መንገደኛ የባሕር ዳርቻው ምጽዋ ነበረች፤ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ግን ባሕር ለኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የሚያስይዝ ነገር ሆነ። ጅቡቲ በባቡርም በመኪናም የምትደረስ፣ ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ያለውን የአሳል ሐይቅ የያዘች ድንቅ አገር ብትሆንም፣ ምድሯ በረሃ ስለሆነ ባሕርና ደን አብሮ ለሚፈልግ ሰው አትመችም። ዛንዚባር ባሕሯም ታሪኳም የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ደሴት በመሆኗ ትላልቆቹን አራዊት ለማየት ወደ ታንዛኒያ ዋና ምድር መሻገር ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮም እያንዳንዱ አዋቂ የውጭ ጎብኚ 44 ዶላር የሚከፈልበት የጉዞ መድን እንዲገዛ ደንግጋለች። የኬንያ ዳርቻ ባሕሩን፣ የባሕር ውስጥ ፓርኩን፣ ደኑንና የዝሆኑን ሜዳ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ አሰባስቦ የያዘ ነው፤ በሁለቱ አገሮች የቆየ ስምምነት መሠረትም ኢትዮጵያውያን ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቁም። የመግቢያ ደንብ ግን እንደ ገበያ ዋጋ የሚለዋወጥ ነገር ስለሆነ ትኬት ከመቆረጡ በፊት በኤምባሲው መረጋገጥ ይኖርበታል።

ነጋዴዋ፦ ቦታው ከተወሰነ ወቅቱ ይወሰን። የቡሬ በርበሬ ከኅዳር እስከ ጥር ገበያ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ከጥር በፊት እጅ ላይ ገንዘብ፣ ልብ ላይ ዕረፍት አይኖርም። ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው፤ ጥምቀትንና የጥር 21 አስተርዮ ማርያምን ጥሎ የሚሄድ የጎጃም ሰው የለም። ሁዳዴ ሲገባ የሽሮ እህልና የበርበሬ ፈላጊ ስለሚበዛ፣ ከዐቢይ ጾም በፊት ያለው ሳምንት ለነጋዴ የሚታለፍ አይደለም። መምህር በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ሲዘጋ ማለትዎ አይቀርም፤ ነጋዴ ግን በዚያን ጊዜ ገንዘቡ ዘርና ማዳበሪያ ላይ ተበትኖ ነው።

መምህሩ፦ ሐምሌና ነሐሴ ተመክሮባቸው የሚጣሉ ወራት ናቸው እንጂ መጥፎ አይደሉም፤ በዳርቻው አየሩ ቀዝቀዝ የሚልበት ወቅት ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ዓመቱን የሚከፍለው በነፋስ ነው፤ ይህም ሞንሱን ይባላል፤ በየወቅቱ አቅጣጫውን የሚገለብጥ ነፋስ ማለት ነው። ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ግድም ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው «ካስካዚ»፣ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ግድም ከደቡብ የሚነፍሰው «ኩሲ» ይባላል። የዐረብና የሕንድ ጀልባዎች ለብዙ መቶ ዓመታት በካስካዚ ወደ ሞምባሳ እየወረዱ በኩሲ ሲመለሱ ኖረዋል፤ የስዋሂሊ ከተሞችም የተወለዱት ነጋዴው ነፋስ እስኪዞር ባደረባቸው ወደቦች ነው። ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት፣ ትንሹ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መባቻ ይዘንባል። እንግዲህ ጥርና የካቲት ደረቅና ሞቃት፣ ውኃውም የጠራ ስለሆነ፣ የነጋዴዋ የገንዘብ ወቅትና የባሕሩ መልካም ወቅት አንድ ላይ ይገጥማሉ፤ የመምህሩ ነገር በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍትና በተጠየቀ ፈቃድ ይሟላል።

ነጋዴዋ፦ ጾሙ የሚገባበት ቀን ከደብሩ መሪጌታ ተጠይቆ መጥቷል፤ የ2019 የነነዌ ጾም የካቲት 15፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ይገባል ተብሏል። ነጋዴ ውጤቱን ይዞ ይሄዳል፤ ስሌቱ ግን እንዴት እንደሆነ መምህር ቢያብራሩት ለልጆቹም ይጠቅማል።

መምህሩ፦ ይህ ስሌት ባሕረ ሐሳብ ይባላል፤ የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን በፀሐይና በጨረቃ አቆጣጠር የሚያወጣው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። ለ2019 ሲሠራ በመጀመሪያ 5,500 ዓመተ ኩነኔ ተደምሮ 7,519 ይሆናል፤ ይህ ለ19 ሲካፈል 14 ይተርፋል፤ ከዚያ አንድ ሲቀነስ 13 ይሆናል፤ ይህም ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 23 አበቅቴ ነው፤ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 7 ደግሞ መጥቅዕ ነው፤ ሁለቱ ተደምረው ሁልጊዜ 30 ይሆናሉ። መጥቅዑ ከ14 ስላነሰ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት 7 ይውላል፤ ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ የቅዳሜ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር፣ 8 ነው፤ 7 እና 8 ሲደመሩ 15 ይሰጣሉ፤ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት ሲውል ነነዌ በየካቲት ስለምትሆን የካቲት 15 ትውላለች፤ ከእርሷ 14 ቀን ተቆጥሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ይገባል። ለ19 ማካፈሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጨረቃ በ19 ዓመት አንድ ጊዜ ከፀሐይ ዓመት ጋር ተገጣጥማ ወደ ተመሳሳይ ቀን ትመለሳለችና። ባሕር ያላየ አገር ለጨረቃ ቁጥር «ባሕር» የሚል ስም ያለበት መጽሐፍ ይዞ መኖሩ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የውቅያኖሱ ውኃም የሚቆጠረው በዚችው ጨረቃ ነው።

ነጋዴዋ፦ እዚህ ላይ መቆም ያስፈልጋል። የብር ወንዝና የላህ ወንዝ ሲሞሉ ይታወቃል፤ ላይ ቤት ሲዘንብ ታች ቤት ይሞላል። ዝናብ ሳይዘንብ፣ ጥርት ባለ ሰማይ የሚሞላ ውኃ ምን ዓይነት ነው?

መምህሩ፦ የወንዝ ሙላት ውኃ ተጨምሮበት የሚመጣ ነው፤ የባሕር ሙላት ግን ያለው ውኃ ተስቦ የሚመጣ ነው። ጨረቃ በስበቷ የውቅያኖሱን ውኃ ወደ ራሷ ስለምትጎትት ከእርሷ ፊት ለፊት ባለው በኩል ውኃው ያብጣል፤ በምድር ሌላ ጎንም ስበቷ ስለሚደክም ሌላ እብጠት ይቀራል፤ ምድር ስትዞር እያንዳንዱ ዳርቻ በሁለቱ እብጠቶች ሥር ያልፋል። ስለዚህ በሁለት ሙላቶች መካከል 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ያልፋል፤ ጨረቃ ራሷ በመንገዷ ስለምትገሠግሥም የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይላል። ፀሐይም ታግዛለች፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ጨርሳ ስትጠፋ ሁለቱ በአንድ መስመር ስለሚጎትቱ ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል፤ ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ግን በማዕዘን ስለሚጎትቱ ልዩነቱ ይለዝባል። በሞምባሳ አካባቢ በብርቱው ሙላት ጊዜ በሞላውና በጎደለው ውኃ መካከል ያለው ከፍታ ከ3 ሜትር ያልፋል፤ ይህም ከአንድ ሰው ቁመት እጅግ ይበልጣል። ይህን ያላወቀ መንገደኛ ረፋድ ላይ ሊዋኝ ሲወርድ ባሕሩ ሸሽቶ፣ ጀልባዎቹ በአሸዋ ላይ ተዘንብለው ሊያገኛቸው ይችላል፤ በግርምት ርቆ የሄደም ውኃው ከኋላው ሲመለስበት ይደነግጣል።

ነጋዴዋ፦ እንግዲያው በአበቅቴው የጨረቃዋን ሌሊት ቆጥሮ የባሕሩን ሰዓት ማወቅ ይቻላል ማለት ነው?

መምህሩ፦ ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ቁጥሩ ግን እንዳለ አይወሰድም። የባሕረ ሐሳብ ጨረቃ በጥንት ዘመን በአማካይ የተቀመረች ስለሆነች፣ በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ትናንሽ ልዩነቶች ተጠራቅመው ዛሬ ከሰማይዋ ጨረቃ አራት ቀን ያህል ወደ ኋላ ቀርታለች። ለበዓል ቀን ማውጫ ይህ ሥርዓት ነውና አያውክም፤ ለዋና ግን አራት ቀን ብዙ ነው፤ ስለዚህ ባሕሩ የሚታወቀው በዓይን በምትታየው ጨረቃና በየወደቡ በሚወጣው የሙላት ሰሌዳ ነው። በሰማይዋ ጨረቃ ሲታይ በ2019 ዓ.ም. ጨረቃ ጥር 29 ትጠፋለች፤ የካቲት 7 ግድም ግማሽ ትሆናለች፤ የካቲት 13 ትሞላለች። በዚያ ዳርቻ ጨረቃ በምትጠፋበት ሰሞን ባሕሩ ረፋዱ አራት ሰዓት አካባቢ እጅግ ይጎድላል፤ ይህም በውኃ ሥር ተሸፍኖ የሚኖረው ዓለም ተገልጦ የሚታይበት ነው። ከአንድ ሳምንት በኋላ በየቀኑ የተጨመረው 50 ደቂቃ ተደማምሮ ስድስት ሰዓት ስለሚሆን፣ በዚያው ረፋድ ባሕሩ ሞልቶ ለዋና ይመቻል። ስለዚህ ከጥር 27 እስከ የካቲት 9 ያለው ጊዜ ሁለቱንም የባሕር መልክ ያሳያል፤ ከነነዌም በፊት ቤት ያስገባል።

ነጋዴዋ፦ «በውኃ ሥር ያለ ዓለም» የተባለው ምንድን ነው? ለማየት የሚከፈል ነገር ከሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

መምህሩ፦ ኮራል ይባላል፤ ድንጋይ መስሎ የሚታይ፣ ነገር ግን እጅግ ጥቃቅን እንስሳት ከባሕሩ ኖራ እየወሰዱ የሠሩት ቤት ነው። ቤት በቤት ላይ እየተሠራ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲቆይ ከዳርቻው ፈንጠር ብሎ እንደ ግንብ ይቆማል፤ የውቅያኖሱ ሞገድ በዚህ ግንብ ስለሚሰበር በስተውስጥ ያለው ውኃ ጸጥ ይላል፤ ከሞምባሳ በስተደቡብ ያለው የዲያኒ ዳርቻ ለሕፃናት ጭምር የሚመቸውም በዚህ ምክንያት ነው። የማሊንዲ የባሕር ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋመ፣ በአፍሪካ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ ከዲያኒ በስተደቡብ ደግሞ በዋሲኒ ደሴት አጠገብ የኪሲቴ ምፑንጉቲ ፓርክ አለ፤ በጀልባ ተኪዶ ዶልፊንና የኮራል ዓሣ የሚታይበት፣ የመግቢያ ክፍያም ያለው ስፍራ ነው። ኮራል ሙቀት ሲበዛበት ይነጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ውቅያኖሱ ከልክ በላይ በሞቀ ጊዜ የኬንያ ኮራል ክፉኛ ተጎድቷል። ስለዚህ በጎደለ ውኃ ጊዜ ኮራሉን ረግጦ መሄድ በችግኝ ላይ እንደ መሄድ ይቆጠራል፤ በአሸዋው መስመር ብቻ መራመድ፣ በመርፌ የተሞላ ጃርት መሳይ የባሕር እንስሳም ስለሚኖር ጫማ ማድረግ ያስፈልጋል።

ነጋዴዋ፦ ደኑስ? በዚህ በኩል ደን የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ታርሶ አልቋል።

መምህሩ፦ በዚያም ነገሩ ተመሳሳይ መሆኑ ነው የሚያስደንቀው። በዳርቻው የሚኖሩ፣ ዘጠኝ ነገዶችን ያቀፉ ሚጂኬንዳ የሚባሉ ሕዝቦች «ካያ» የሚሏቸው የተቀደሱ ደኖች አሏቸው፤ ቀድሞ አባቶቻቸው የሰፈሩባቸው፣ ኋላም የጸሎትና የመቃብር ስፍራ ሆነው በሽማግሌዎች ትእዛዝ ዛፍ እንዳይቆረጥባቸው የተጠበቁ ናቸው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ለዲያኒ ቅርብ የሆነው ካያ ኪኖንዶ ለጎብኚ ክፍት ነው፤ የሚገባ ሰው ጥቁር ጨርቅ ያገለድማል፤ ቅጠል አይቆርጥም፤ ከአካባቢው ሰው የሆነ መሪ ሳይዝም አይገባም። ጫማ አውልቆ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ የጎጃም ሰው ይህን ሥርዓት ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያሻውም፤ በሁለቱም አገር ደኑ የተረፈው በሕግ አስከባሪ ሳይሆን በተፈራ ስፍራነቱ ነው። በዲያኒ ዛፎች ላይ የጉሬዛ ዘመድ የሆነ ጦጣም ይኖራል፤ የኢትዮጵያው ጉሬዛ የሳይንስ ስሙ ራሱ ከአማርኛ የተወሰደ ሲሆን፣ የዲያኒው ሌላ ዝርያ ነው፤ መኪና እንዳይገጨውም ከመንገዱ በላይ የገመድ ድልድይ ተሠርቶለታል። ከዚያው ተነሥቶ ሺምባ ሂልስ የተባለው የተራራ ደን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ነው፤ ውስጡ ዝሆንም ፏፏቴም ስላለው ከፈጣም ጋር ለማነጻጸር ይመቻል።

ነጋዴዋ፦ አሁን ወደ መንገዱ እንግባ፤ ነጋዴ በመንገድ ይከብራል፣ በመንገድም ይከስራል።

መምህሩ፦ ከፍኖተ ሰላም እስከ አዲስ አበባ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በደብረ ማርቆስና በደጀን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል፣ ተሳፋሪው ጋቢውን የሚያወልቅበት ያ ቁልቁለት የጉዞው የመጀመሪያ የከፍታ ትምህርት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የዘለቀው ግጭት የመንገዱን መከፈትና መዘጋት አስቀድሞ ለማወቅ አስቸጋሪ ስላደረገው፣ ከበረራው በፊት ሦስት ቀን ትርፍ መያዝ ወይም በባሕር ዳር በኩል በአውሮፕላን መሄድን በአማራጭነት ማስቀመጥ ተገቢ ነው። ከአዲስ አበባ በሞያሌ የሚወስደው የመኪና መንገድ ርካሽ ቢሆንም እስከ ናይሮቢ ብቻ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከዕረፍቱ ቀናት ይበላል። የሚሻለው እስከ ናይሮቢ በርሮ፣ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ በጀመረው ማዳራካ ኤክስፕረስ በተባለው ባቡር 480 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሞምባሳ መውረድ፣ ሲመለሱም ከሞምባሳ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ መብረር ነው። ባቡሩ ከ20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሚሰፋው የጻቮ ፓርክ መካከል ያልፋል፤ ሐዲዱ ከፍ ተደርጎ በሥሩ የአራዊት መተላለፊያ ስለተተወለት ዝሆን በመስኮት ሊታይ ይችላል። የጻቮ ዝሆን በቀይ አፈር ስለሚንከባለል መልኩ ቀይ ነው፤ የቡሬን ቀይ መሬት የሚያውቅ ልጅ ምክንያቱን ሳይነገረው ይደርስበታል።

ነጋዴዋ፦ ሰነዱና ስንቁስ?

መምህሩ፦ ይህ በአጭሩ ይነገራል። ፓስፖርት ከጉዞው ቀን በኋላ ከስድስት ወር ያላነሰ ጊዜ የሚቀረው ይሁን። የቢጫ ወባ ክትባት ከመነሻው ቢያንስ አሥር ቀን ቀድሞ ተወስዶ ካርዱ ከፓስፖርቱ ጋር ይያዝ፤ አንድ ጊዜ የተወሰደው ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ወባ ለፍኖተ ሰላም ሰው እንግዳ አይደለችም፤ በዳርቻውም ስላለች መከላከያ መድኃኒቱ ከሐኪም ይጠየቅ፤ አጎበር ያለው ማደሪያም ይመረጥ። የውጭ ምንዛሪ ፓስፖርትና ትኬት ቀርቦ ከባንክ ይገዛል። ዳቦ ቆሎውና በሶው ግን በፌስታል አይቋጠር፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ ፌስታልን በብርቱ ቅጣት ስለ ከለከለች በጨርቅ ከረጢት ይያዝ። በሰዓት በኩል የኢትዮጵያ መንገደኛ ከአውሮፓዊው ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ ስዋሂሊ ተናጋሪም ቀኑን ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ስለሚቆጥር «ሳ ሞጃ» ማለት በትክክል የኛው አንድ ሰዓት ነው፤ ባቡሩና ሆቴሉ ግን በፈረንጅ ሰዓት ስለሚጽፉ በቃል የተሰማውና በትኬት የተጻፈው እንዳይምታታ መጠንቀቅ ይገባል።

ነጋዴዋ፦ ስለ ዋጋ መምህር ያልተናገሩትን ነጋዴ ይጨምር። ማደሪያ እንደ በርበሬ ነው፤ ሁሉ በሚፈልገው ሰሞን ይወደዳል። ፈረንጆቹ ገናቸውንና አዲስ ዓመታቸውን አክብረው ከተመለሱ በኋላ፣ በጥር ማብቂያ፣ ከበዓሉ ሰሞን ይልቅ ዋጋ መከራከር ይቻላል፤ ሁለት ቤተሰብ በጋራ ወጥ ቤት ያለው ቤት ቢከራይ ምግቡም ረቡዕና ዓርቡም አያስቸግርም። ክፍያው ሙሉ በሙሉ አስቀድሞ አይሰጥ፤ ቀብድ ተሰጥቶ ቀሪው ቤቱ ከታየ በኋላ ይከፈል። ከጠቅላላው ወጪ አንድ አምስተኛው ለማይታወቅ ነገር ተነጥሎ ይቀመጥ፤ መንገድ ሲዘጋ በአዲስ አበባ የሚታደረው በዚህ ነው።

መምህሩ፦ እንግዲህ ዕቅዱ ተጠናቋል፤ ጥር 24 ከፍኖተ ሰላም መነሣት፣ ጥር 27 ናይሮቢ፣ ጥር 28 በባቡር ሞምባሳ፤ ጨረቃ በምትጠፋበት ሰሞን የጎደለውን ባሕርና እ.ኤ.አ. በ1590ዎቹ ፖርቱጋሎች የሠሩትን ፎርት ጂሰስ ምሽግ ማየት፤ በመካከሉ ካያ ኪኖንዶና ሺምባ ሂልስ፤ በግማሽ ጨረቃ ዋናና ኪሲቴ፤ የካቲት 9 መመለስ።

ነጋዴዋ፦ አንድ ነገር ይቀራል። ልጆቹ ባሕሩ በየቀኑ 50 ደቂቃ ይዘገያል ቢባሉ ቁጥር ሰምተው ይረሱታል። ከመነሣታችን በፊት ባለው የታኅሣሥ ሙሉ ጨረቃ ማግስት ጀምሮ በቡሬ ደጅ ላይ ቆመው ጨረቃ ከኮረብታው ስትወጣ ሰዓቱን በየማታው በደብተር ይጻፉ፤ አንድ ቀን ከሌላው ምን ያህል እንደምትዘገይ ራሳቸው ይቀንሱ። መምህር ስሌቱን ያርሙላቸው።

መምህሩ፦ ይህ ከተባለው ሁሉ የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም በደብተሩ የሚሞላው መዘግየትና በሞምባሳ ዳርቻ የሚያዩት መዘግየት በአማካይ አንድ ቁጥር ነው። አንዳንዱ ማታ ከ50 ያንሳል፣ አንዳንዱ ይበልጣል፤ ይህም አይታረምም፣ ጨረቃዋ ራሷ እንዲሁ ነችና። ደብተሩ ከፓስፖርቱ ጋር በአንድ ቦርሳ ይያዝ።